ከሰሜን ሸዋ ሆኖ መጽሐፍ ማሳተም፦ ከረቂቅ እስከ ካርቶን

"ረቂቄን ጨርሻለሁ፤ አሁን የት ልሂድ?" ይህን ጥያቄ ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማ፣ ከሸዋ ሮቢት እየደጋገምኩ እሰማለሁ። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው ጡረታ የወጡ መምህራን፣ የአካባቢያቸውን ታሪክ ወይም የትውልድ ሐረግ ለዓመታት የሰበሰቡ ሰዎች፣ ግጥም የሚጽፉ ወጣቶች ናቸው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ ሁሉንም በቅደም ተከተል እዚህ ላስቀምጠው።

ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይያዙልኝ። ማተሚያ ቤት የሚያትመው የሰጡትን ነው። ፊደል ቢገደፍ፣ ገጽ ቢዘለል፣ ፎቶው ቢደበዝዝ ማሽኑ አያውቅም። አንድ ሺህ ቅጂ ካዘዙ ስህተቱም አንድ ሺህ ጊዜ ይታተማል። ለዚህ ነው ከታች ካሉት ደረጃዎች የሚበዙት የማተሚያ ቤት ደጃፍ ከመርገጥዎ በፊት የሚያልቁት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለቀ ረቂቅ፦ በእጅ የተጻፈ ከሆነ እያንዳንዱ ገጽ ቁጥር ያለው
- ኮምፒውተር፣ ወይም የሚያምኑት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት
- ሁለት ፍላሽ፣ እንዲሁም ኢሜይል ወይም ቴሌግራም
- ከቤተሰብዎ ውጭ የሆነ አርታኢ፣ ሌላ ደግሞ የፊደል እርማት የሚሠራ ሰው
- የገጽ ቅንብርና የሽፋን ባለሙያ (አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሠራ ይችላል)
- የፎቶዎቹ ዋና ቅጂዎች
- ቀይ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ አንድ ደብተር
- ለኅትመቱ ከያዙት ገንዘብ ተለይቶ የተቀመጠ የአርትዖት፣ የሽፋንና የመጓጓዣ ገንዘብ

የመጨረሻውን ቀላል አድርገው አይዩት። ያላቸውን ሁሉ ለኅትመት መድበው ለአርታኢ የሚከፍሉት የሚያጡ ብዙ ናቸው። ከሁለቱ አንዱን መቀነስ ግድ ከሆነ የቅጂውን ብዛት ይቀንሱ እንጂ አርትዖቱን አይተዉ።

ደረጃ 1፦ ረቂቁን ያስተይቡ፣ ቅጂውንም ያስቀሩ

በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ከሆነ ከእጅዎ ሳይወጣ በፊት እያንዳንዱን ገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ረቂቅ በታክሲ ይረሳል፣ ቡና ይደፋበታል፣ ገጾቹም ይቀላቀላሉ። ጸሐፊዋ ተይባ ስትጨርስ የታተመ ወረቀት ብቻ ተቀብለው አይሂዱ። ሶፍት ኮፒውን ይውሰዱ፤ ፋይሉ እዚያው መከፈቱንም ያረጋግጡ። በየጽሕፈት ቤቱ የሚዞር ፍላሽ ቫይረስ አያጣውም። ስለዚህ ፋይሉን በዚያው ቀን ለራስዎ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ይላኩት።

ከዚያ የተተየበውን ከእጅ ጽሑፉ ጋር ሁለት ሰው ሆነው ያመሳክሩ። አንዱ ከረቂቁ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው ኮምፒውተሩን ይከተላል። አድካሚ ነው፤ ግን የተዘለለ አንቀጽ የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። ብቻዎን ሲያነቡ የተዘለለውን ከሐሳብዎ ሞልተው ያልፉታል።

ደረጃ 2፦ ፊደሉ ዩኒኮድ መሆኑን ይፈትሹ

ዩኒኮድ ማለት ፊደላችን በየትኛውም ኮምፒውተርና ስልክ ላይ እንዲነበብ የሚያደርግ የጋራ አሠራር ነው። የድሮ የግዕዝ ሶፍትዌሮች ግን ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ነበር። በእነዚያ የተጻፈ ፋይል ያው ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ከዓመታት በፊት የተተየበ ረቂቅ ያላቸው ሰዎች ዘንድ ይህ ችግር በጣም ይገጥማል።

ፈተናው ቀላል ነው። ከጽሑፉ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ። አማርኛ ሆኖ ከታየ ዩኒኮድ ነው። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከሆነ ደግሞ በመቀየሪያ ሶፍትዌር ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ያስፈልጋል። ከተቀየረ በኋላ እንደ ኋ፣ ጓ፣ ቧ፣ ሟ ያሉትን ፊደላት፣ ሥርዓተ ነጥቡንና ቁጥሮቹን በተለይ ይፈትሹ። ሲቀየር የሚበላሹት እነሱ ናቸው።

እግረ መንገድዎን አራት ነጥቡን ያስተካክሉ። አንዳንዱ ሁለት ነጥብ ደጋግሞ "፡፡" ይጽፋል፤ አንዳንዱ "።" ይጠቀማል። ሁሉንም "።" ያድርጉት። ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ይጻፍ፤ ክፍተት ካለ ነጥቡ ብቻውን ወደ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ይወርዳል።

ደረጃ 3፦ አርትዖትና እርማት (ሁለት የተለያዩ ሥራዎች)

አርታኢ የሐሳቡን ፍሰት፣ ድግግሞሹን፣ የምዕራፎቹን አደራደር ያያል። እርማት የሚሠራው ሰው ፊደልና ነጥብ ይለቅማል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ልሥራ የሚል ሰው አንዱን ያበላሻል። አርትዖቱ ይቅደም፤ ገና የሚሰረዝ አንቀጽ ላይ ፊደል ማረም የባከነ ድካም ነው።

እርማቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ የአጻጻፍ ዝርዝር ያዘጋጁ። ስለ አካባቢያችን የሚጻፉ መጻሕፍት በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ወይስ ደብረብርሃን? ሸዋ ሮቢት ወይስ ሸዋሮቢት? ጣርማ በር ወይስ ጣርማበር? ይፋት ወይስ ኢፋት? መርሐ ቤቴ ወይስ መርሃቤቴ? አንዱን መርጠው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይያዙት። የሰዎችን ስምም እንዲሁ። በትውልድ ሐረግ መጽሐፍ ውስጥ "ኃይሉ" በአንድ ገጽ፣ "ሀይሉ" በሌላው ከሆነ አንባቢው ሁለት ሰው ይመስለዋል። የዘር መቁጠሪያው ሁሉ ይፋለሳል።

ዓመተ ምሕረቱም ወጥ ይሁን። ከውጭ መጻሕፍት የወሰዱትን ዘመን "እ.ኤ.አ." ብለው ይለዩ፤ አለበለዚያ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ይፈጠራል።

ጥንቃቄ፦ ኮምፒውተር ላይ "ሀ"ን በሙሉ በ"ሃ" ተካ ብለው አይዘዙ። አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላ መቶ ቃል ያበላሻሉ። ሙሉ ቃል እየጻፉ፣ እያንዳንዱን እያዩ ይተኩ።

በመጨረሻ ሁሉንም በወረቀት አሳትመው በቀይ እስክሪብቶ ያንብቡት። ስክሪን ላይ ያመለጠ ስህተት ወረቀት ላይ ይታያል። ጮክ ብለው ቢያነቡት ደግሞ የተንዛዛውን ዓረፍተ ነገር ትንፋሽዎ ይነግርዎታል።

ደረጃ 4፦ ፈቃድና መብት

የሌላ ሰው ፎቶ፣ ግጥም ወይም ረጅም ጥቅስ ካስገቡ ከባለመብቱ በጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ። "በቃል ተነጋግረናል" የሚባለው መጽሐፉ ከወጣ በኋላ አይያዝም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የጽሑፍ ሥራ የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ስለዚህ "ሰውየው ሞቷል" ማለት "ነፃ ነው" ማለት አይደለም።

የራስዎ መብት ሥራው ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ የተጠበቀ ነው፤ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ሆኖም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ቢያስመዘግቡት ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ይሆንዎታል።

በሕይወት ስላለ ሰው መጥፎ ነገር ከጻፉ፣ ወይም በሁለት ቤተሰብ መካከል ስላለ የርስት ክርክር ከዘገቡ፣ ከመታተሙ በፊት ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ። መረጃ የሰጡዎትን አባቶችና እናቶችም ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቋቸው። ሁሉም ሰው ስሙ እንዲወጣ አይፈልግም።

ደረጃ 5፦ የመጽሐፉን መጠንና ገጽ ይወስኑ

ለልብ ወለድ፣ ለታሪክም ሆነ ለግጥም የተለመደው መጠን ኤ5 ነው፤ 14.8 በ21 ሴንቲ ሜትር። ከዚህ የወጣ መጠን ወረቀት ያባክናል፣ ዋጋም ያስወድዳል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ስሌት ልንገርዎት። መጽሐፍ የሚታተመው ገጽ በገጽ አይደለም። በትልቅ ወረቀት ላይ ብዙ ገጽ አንድ ላይ ታትሞ፣ ታጥፎ፣ ከዚያ ይጠረዛል። የተለመደው እጥፍ 16 ገጽ ይይዛል። ስለዚህ የገጹ ብዛት ለ16 ቢካፈል ይመረጣል፦ 160፣ 176፣ 192፣ 208፣ 224። መጽሐፍዎ በ210 ገጽ ካለቀ ለሁለት ገጽ ሲባል ተጨማሪ እጥፍ ይከፍላሉ፤ መጨረሻ ላይም ባዶ ገጽ ይበዛል። ሁለት ገጽ ቀንሰው 208 ላይ ቢያቆሙት ወጪው ይወርዳል። ማተሚያ ቤቱ ባለ 8 ገጽ እጥፍ ይሠራ እንደሆነም ይጠይቁ። ገጽ ሲቆጥሩ የርዕስ ገጹን፣ የመብት ገጹን፣ ማውጫውንና ምስጋናውን አይርሱ።

ለገጽ አቀናባሪው እነዚህን ይንገሩት፦

- የጽሑፉ ፊደል 11 ወይም 12 ነጥብ ይሁን። ለአረጋውያን የሚነበብ ከሆነ ከ12 አይነስ።
- በጥረዛው በኩል ያለው ኅዳግ ከውጭው ይስፋ። በሙጫ የተጠረዘ መጽሐፍ እስከ ውስጥ ድረስ አይከፈትም፤ ኅዳጉ ጠባብ ከሆነ የመስመሩ ጫፍ ይዋጣል።
- መስመሩ በሁለቱም በኩል እኩል ሲደረግ በቃላት መካከል ሰፊ ክፍተት የሚፈጠርባቸውን ቦታዎች በእጅ ያስተካክል። የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ ይህ በየገጹ ይገጥማል።
- የመጨረሻው ፋይል ፎንቶቹ የተካተቱበት ፒዲኤፍ ይሁን። የዎርድ ፋይል ለማተሚያ ቤት አይስጡ፤ በሌላ ኮምፒውተር ሲከፈት ገጹ ይንሸራተታል፣ ማውጫውም ውሸት ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ሽፋኑ የሚሠራው የገጹ ብዛት ከታወቀ በኋላ ነው

የመጽሐፉ ጀርባ ውፍረት የሚመጣው ከገጹ ብዛት ነው። 208 ገጽ ማለት 104 ቅጠል ነው። በ80 ግራም ወረቀት (ግራሙ የአንድ ሜትር ካሬ ወረቀት ክብደት ነው) አንዱ ቅጠል ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር ጀርባው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሽፋኑን ቀድመው ካሠሩት ርዕሱ ከጀርባው ተንሸራቶ ወደ ፊት ገጽ ይወጣል። ትክክለኛውን ልክ ከማተሚያ ቤቱ ይቀበሉ፤ ውፍረቱ እንደ ወረቀቱ ዓይነት ይለያያል።

ሽፋኑ ሲከረከም ነጭ ጠርዝ እንዳይቀር ሥዕሉ ከመቁረጫው መስመር 3 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ይውጣ። ስምዎና ርዕሱ ደግሞ ከጠርዙ ይራቁ።

ፎቶ የሚያስገቡ ከሆነ በሚታተምበት መጠን ጥራቱ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) መሆን አለበት። የአንኮበርን ገደል ወይም የመንዝን ጓሳ ያነሳልዎት ሰው በቴሌግራም ሲልክልዎ በ"ፋይል" ይላክ። በ"ፎቶ" ከላከው ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል። ስልክ ላይ የሚያምረው ምስል ሲታተም ይደበዝዛል። ቀለሙም በስክሪን ከሚታየው ትንሽ ይጨልማል። ኅትመት የሚጠቀመው አራት የቀለም ዓይነት ስለሆነ ባለሙያው ፋይሉን በዚያው አሠራር ያዘጋጀው።

ደረጃ 7፦ አይኤስቢኤን ያውጡ

አይኤስቢኤን የመጽሐፉ መለያ የሆነ ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ነው። በአገራችን የሚሰጠው ብዙዎቻችን ወመዘክር ብለን የምናውቀው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት መሥሪያ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ይገኛል። ቁጥሩ በመብት ገጹ ላይ ይጻፋል፤ ባርኮዱ በጀርባ ሽፋን ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሽፋኑ ከመዘጋቱ በፊት መውጣት አለበት። የሌላ መጽሐፍ ቁጥር ገልብጠው አይጠቀሙ፤ ከራስዎ የቀድሞ መጽሐፍም ቢሆን። መጽሐፉ ሲታተም ለመሥሪያ ቤቱ ቅጂ ማስገባት የሕግ ግዴታ ነው፤ ስንት ቅጂ እንደሆነ ቁጥሩን ሲወስዱ እዚያው ይጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰብስቡ

ደብረ ብርሃን ላይ ባነር፣ የመጥሪያ ካርድና መጠነኛ ጥራዝ ማሠራት አያስቸግርም። ለመጽሐፍ ግን አዲስ አበባ መሄዱ አይቀርም። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በጠዋት ተነሥተው ሁለት ሦስት ማተሚያ ቤት ጠይቀው ማታ ቤትዎ መግባት ይችላሉ። ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚመጣ ግን ቢያንስ አንድ አዳር አለበት፤ ይህን በጀት ውስጥ ያስገቡ።

ለሁሉም የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሁን። በቃል ከጠየቁ አንዱ በ60 ግራም ወረቀት፣ ሌላው በ80 ግራም ዋጋ ይነግርዎታል፤ ርካሹ በእርግጥ ርካሽ ይሁን አይሁን ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ብለው በወረቀት ይጻፉ፦

"መጠን ኤ5። 208 ገጽ፣ ውስጡ ጥቁር ቀለም ብቻ፣ 70 ግራም ወረቀት። ሽፋን 300 ግራም፣ ባለ ሙሉ ቀለም፣ ማት ላሚኔሽን (የማያብለጨልጭ ስስ ላስቲክ ልባጥ)። የሙጫ ጥረዛ። ብዛት 500 እና 1,000፤ የሁለቱም ዋጋ ይገለጽ። 15 በመቶ ቫት መካተቱ ይጠቀስ። የማስረከቢያ ቀን ይጻፍ።"

የሁለት ብዛት ዋጋ የሚጠይቁበት ምክንያት አለ። በኦፍሴት ኅትመት (በማተሚያ ቤት የተለመደው፣ ለብዙ ቅጂ የሚሆነው አሠራር) ፕሌት፣ ማለትም ገጹ የሚቀረጽበትን ስስ ብረት፣ ማዘጋጀትና ማሽን ማስተካከል ለ500ም ለ1,000ም ያው ወጪ ነው። ስለዚህ ብዛቱ ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ይህ ግን ብዙ እንዲያትሙ ሊገፋፋዎት አይገባም። ገዢውን ሳያውቁ የታተመ መጽሐፍ ሳሎን ውስጥ የተቆለለ ገንዘብ ነው። ለመጀመሪያ መጽሐፍ፣ በተለይ ለአንድ ወረዳ ታሪክ ወይም ለአንድ ቤተሰብ የዘር ሐረግ፣ 500 ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከ100 በታች ከሆነ ደግሞ የዲጂታል ኅትመት ዋጋ ይጠይቁ፤ ፕሌት ስለማያስፈልገው ለጥቂት ቅጂ ይሻላል።

ዋጋው የተጋነነ ከመሰለዎት ወረቀቱን ራስዎ ያስሉት። 61 በ86 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ ሉህ 32 የኤ5 ገጽ ይወጣዋል። 208 ገጽ 6.5 ሉህ ነው፤ ለ1,000 ቅጂ 6,500 ሉህ ማለት ነው። ሪሙ 500 ሉህ ስለሆነ 13 ሪም ይሆናል። የሚበላሸው ከዚህ ላይ ይጨመራል።

ወረቀት ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው ቶሎ ይለወጣል። ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ይመልከቱ፤ ገንዘብዎ ሳይሟላ በፊት ዋጋ መሰብሰብ ትርፉ መመላለስ ነው።

ደረጃ 9፦ ውል፣ ናሙና፣ ፊርማ

ቅድመ ክፍያ የሚከፍሉት ውል ከተፈረመ በኋላ ብቻ ነው። ውሉ የወረቀቱን ግራም፣ ብዛቱን፣ የማስረከቢያ ቀኑን፣ ገጽ የተዛነፈበት ወይም የተገነጠለ ቅጂ በማን ወጪ እንደሚተካ ይግለጽ። ለክፍያው ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ከመታተሙ በፊት ናሙና ይሰጥዎታል። ችኮላ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ናሙናውን ቆመው አይፈርሙ፤ ወስደው ያሳድሩት። የገጽ ቁጥሮቹ በተርታ መሆናቸውን፣ ማውጫው ከገጹ ጋር መግጠሙን፣ የፎቶ መግለጫዎቹ ከየፎቶው ሥር መሆናቸውን፣ በሽፋኑና በርዕስ ገጹ ላይ ያለው ስምዎ አንድ መሆኑን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ፊርማዎ ካረፈ በኋላ የሚገኝ ስህተት የእርስዎ ነው። ፕሌት ከተሠራ በኋላ አንድ ፊደል ለማስተካከልም ፕሌቱ እንደገና ይሠራል፤ ሒሳቡም ለእርስዎ ይመጣል።

ደረጃ 10፦ የሽፋን ዋጋ

ዋጋው በጀርባ ሽፋን ላይ ስለሚታተም ሽፋኑ ከመዘጋቱና ናሙናው ላይ ከመፈረምዎ በፊት መወሰን አለበት። ወጪውን ሁሉ ይደምሩ፤ ትየባው፣ አርትዖቱ፣ ሽፋኑ፣ ኅትመቱ፣ መጓጓዣው። ለቅጂው ብዛት ያካፍሉ። ስሌቱን ለማሳየት ያህል አንዱ ቅጂ 180 ብር ወጣበት እንበል፤ አከፋፋዩ ደግሞ ከሽፋኑ ዋጋ 35 በመቶ ይወስዳል። 250 ብር ብለው ካሳተሙት እጅዎ የሚገባው 162.50 ብር ነው፤ በእያንዳንዱ ቅጂ ይከስራሉ። 180ን ለ0.65 ሲያካፍሉ 277 ብር ገደማ ይመጣል። ከዚያ በታች አይሂዱ። በስጦታ የሚሰጧቸውንም ቅጂዎች ከሚሸጡት ላይ ቀንሰው ያስሉ፤ የዘመድ አዝማድ ቅጂ ብዙ ነው።

ደረጃ 11፦ መረከብ፣ ማጓጓዝ፣ ማስቀመጥ

እዚያው ማተሚያ ቤት ከተለያዩ ካርቶኖች መጽሐፍ እያወጡ ይግለጡ። ባዶ ገጽ፣ ተገልብጦ የተጠረዘ እጥፍ፣ ያልደረቀ ሙጫ ይፈልጉ። ጀርባውን ከፈት አድርገው ቅጠሉ የሚላቀቅ መሆኑን ይዩ።

ባለ 208 ገጽ ኤ5 መጽሐፍ በ70 ግራም ወረቀት ሩብ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ሺው ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። በአውቶቡስ ጣሪያ የሚጫን ከሆነ ካርቶኑ በላስቲክ ይጠቅለል፤ በክረምት ደግሞ ሸራ ቢኖርም አይመኑ። ደብረ ብርሃን ላይ እርጥበትና ብርድ ስላለ ካርቶኑን መሬት ላይ አያስቀምጡ፤ ከሥር እንጨት ያድርጉለት፣ ከግድግዳም ያርቁት። በሸዋ ሮቢትና በአታዬ ቆላ ደግሞ ምስጥ ይበረታል፤ በየሳምንቱ ከሥር እያነሡ ይዩ።

ለመጻሕፍት መደብር ወይም ለአዟሪ በአደራ ሲሰጡ ቀኑን፣ ብዛቱንና የሽያጭ ድርሻውን በደብተርዎ ጽፈው ያስፈርሙ። ሒሳብ የሚተሳሰቡበትን ቀንም አብረው ይወስኑ። ሳይጻፍ የተሰጠ መጽሐፍ ገንዘቡ አይመለስም፤ ወዳጅነትም ያበላሻል።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

የምረቃ ቀን ቆርጦ ጥሪ ከበተኑ በኋላ ማተሚያ ቤት መሄድ። መብራት ይጠፋል፣ ወረቀት ያልቃል፣ የማሽን ወረፋ ይረዝማል። አዳራሽ የሚከራዩት መጽሐፉን በእጅዎ ከያዙ በኋላ ይሁን።

ፎቶዎችን ዎርድ ውስጥ ለጥፎ ዋናውን ማጥፋት። ዎርድ ምስሉን ሊያሳንሰው ስለሚችል የፎቶ ፋይሎቹ ለብቻቸው ይቀመጡ።

"የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ የመጨረሻ"፣ "አዲሱ የመጨረሻ" የሚሉ ፋይሎች ማከማቸት። ታርሞ ያለቀው ቀርቶ ያልታረመው የታተመበት መጽሐፍ አለ። በፋይሉ ስም ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ ለማተሚያ ቤት የሚሄደው አንድ ብቻ ይሁን።

የታተመውን የመጨረሻ ፒዲኤፍ፣ የሚታረመውን የገጽ ቅንብር ፋይልና የሽፋኑን ፋይል ከአቀናባሪው አለመቀበል። ለሥራው ቀሪ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት ሦስቱንም በፍላሽ ይረከቡ፤ ለሁለተኛው ዕትም የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው። አንባቢዎች የሚነግሩዎትን ግድፈት ሁሉ በአንድ ቅጂ ኅዳግ ላይ በቀይ እየጻፉ አብረው ያስቀምጡት።